ያልታጠበው ደሪቶ

ሙሉመቤት ያን ወሬ የሰማችው ገና ልጃገረድ ሳለች፣ ጎፋ አንድ ልብስ ስፌት ቤት ቁልፍ ስትተክል ነው። ሁለት ሴቶች ከስፌት መኪናው ማዶ ሲያወሩ።

«ጨርቅ ለማያያዝ ስፒሉን ተዪው እቴ። ቀጠን ያለ የዱቄት ኮላ ጫፍ ጫፉን ቀብተሽ በካውያ ተጫኚው፤ ንቅንቅ አይልም። ስታጥቢው ሙልጭ ብሎ ይለቃል።»

«ካልታጠበስ?» አለች ሁለተኛዋ።

መልሱን የመኪናው ጩኸት ዋጠው። ወይም ሰምታው ረስታዋለች። ሠላሳ ዓመት ለምንም አልፈለገችውም።

በ1991 ጥር ላይ ልጇ ሚሳኤል ወደ ግንባር ዘመተ። መንገደኛ በተሸኘ ቀን ቤት አይጠረግምና አልጠረገችም። በዚያም አላበቃች፤ አውልቆ የሄደውን ሸሚዝና ሹራብ ጠረኑ እንዳይለቅ ሳታጥብ አስቀመጠች። እስከ መጋቢት ደብዳቤ መጣ። ከዚያ ወዲያ ዝም።

ልብሶቹን አቅፋ ስትተኛ እየተንሸራተቱ ይበታተኑባታል። በሰኔ መቀስ አነሳች፤ ቆራርጣ ደሪቶ ልትሰፋቸው፣ በአንድነት እንድትለብሳቸው። ጎረቤቷ ሪሐና ስፒል በመዳፏ ይዛ መጣች።

«አልፈልግም» አለች ሙሉመቤት። «ልጄ ያለበትን እያወቅሽ ደረቱ ላይ ስፒል ልሰካ?»

«መርፌውስ አይወጋም እንዴ እትዬ?»

«መርፌ ወግቶ ያልፋል፤ ክሩን ትቶ። ስፒል ወግቶ ይቀመጣል።»

«እንግዲህ እንደ ፍርድሽ» አለች ሪሐና፣ ሳቋን ዋጥ አድርጋ።

ያኔ ነው የድሮው ወሬ ትዝ ያላት። በጣሳ ዱቄት በጠበጠች፣ እሳት ላይ አማስላ አወፈረች፣ በዶሮ ላባ ቀባች። ካውያው ሲያርፍበት ቁርጥራጩ ሁሉ ልክ ልኩን ያዘ። ሰፍታ ጨረሰችው። አላጠበችውም። አንገትጌውን ወደ ራስጌ አድርጋ ለበሰችው።

ነሐሴ ገባ፤ ጣሪያው አፈሰሰ፤ ኮላው እርጥበት ስቦ ሻገተ። በፍልሰታ ሁለተኛ ሳምንት ከሀና ማርያም ቅዳሴ ስትመለስ፣ አይጥ ዱቄቱን ሽቶ አንገትጌውን በልቶት አገኘች። ደሪቶውን ተሸክማ ሪሐና ደጃፍ ቆመች።

«እስቲ አሽትቺው።»

ሪሐና አሸተተች።

«ምን ምን ይላል?»

«የኮመጠጠ ሊጥ።»

«ሌላስ?»

ሪሐና መሬት መሬት አየች። «ሌላ የለውም፣ እትዬ።»

ሙሉመቤት ከሐምሌ ጀምሮ ታውቀው ነበር። ከሰው አፍ እስክትሰማው ነው የቆየችው። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞራ «እመቤቴ» ብላ ጀመረች፤ የሚከተለው ጠፋባት። ደብዳቤውንም ለምናለች፣ ጠረኑንም ለምናለች።

«ካልታጠበ አይጥ ይጨርሰዋል» አለች ሪሐና። «እኔ ልጠብልሽ። አንቺ አትዪ፤ ቅዳሴሽን ሂጂ።»

ሙሉመቤት ደሪቶውን አጠፈችው፣ ዘረጋችው፣ መልሳ አጠፈችው።

«ነገ ካባራ እጠቢው» አለች። «ስትጨምቂው ግን ለብቻሽ አይሆንልሽም፤ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል። አንዱን ጫፍ እኔ እይዝልሻለሁ።»