መርፌ የሌለው መኪና

ሁለቱ ተሸካሚዎች የስፌት መኪናውን አስቀምጠው ሲወጡ ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ የፈለገችው መርፌውን ነው። የለም። መኪናው ጥቁር፣ ጎኑ ላይ በወርቅ ቀለም አበባ የተሳለበት፣ ከእናቷ ዕድሜ የሚበልጥ ነው፤ ለዓይን ያምራል። መዘውሩን በጣቷ ገፋ አደረገችው። ንቅንቅ አላለም፤ ውስጡ ዝጎ አንድ ላይ ተጣብቋል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች።

«ያንቺ ነው፣ አክስቴ» አለ የእህቷ ልጅ፣ የሸሚዙን ኮሌታ እያስተካከለ። «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ነው የምትቀመጪው። ያ ፕላስቲክ መኪናሽ የቤቱን መልክ ያበላሻል። ሲጮህ ደግሞ ውስጥ ድረስ ይሰማል። ምሳ በልተሽ እስክትመለሺ ዕቃ ቤት አስገብተነዋል።»

«መርፌውስ?»

«መርፌ ምን ያደርግልሻል? እንግዳ ሲነካው ይወጋዋል ብዬ አስወለቅሁት።»

ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታበታለች በዚህ ሱቅ። ከስምንት ወር በፊት የሕንፃው ባለቤት ሊያስወጣት ሲነሣ የእህቷ ልጅ ደረሰላት፤ ሱቁንም፣ ከኋላው ያለውን መጋዘንም አንድ ላይ ተከራየና መጋዘኑን ድብቅ መጠጥ ቤት አደረገው። በየትልልቁ ከተማ አሁን የተያዘው ፋሽን ይሄ ነው አሉ፤ ሰው በግልጽ የተከፈተ ቤት ሰልችቶት፣ ተሹለክልኮ ካልገባ መጠጡ አይጥመውም። የዚህኛው መግቢያ የእሷ ሱቅ ሆነ። ምስጢሩን የሚያውቅ እንግዳ ጠረጴዛዋ ላይ ቀይ አዝራር ያኖራል፤ እሷ ከተሰቀሉት ኮቶች ኋላ ያለውን ገመድ ትስባለች፤ ደንበኞቿ ልብስ ሲለኩ የሚቆሙበት ትልቁ መስተዋት ወደ ሱቁ ይከፈትና እንግዳው ያልፋል። እሷም «ይሁን፣ ልጄ ነው፣ ይሥራ» ብላ ተቀበለች። በመሃል በመሃል የሰፈሩን ሱሪ ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች። ሥራዋ እስካለ ድረስ ገመድ መሳብ ምን ይከብዳታል?

መስተዋቱን አልፋ ግን ገብታ አታውቅም። ግቢ ያላትም የለም።

«ሥራዬስ?» አለችው።

«ሥራሽማ መቀመጥ ነው። ሜትሩን አንገትሽ ላይ ጣል አድርገሽ፣ ጨርቅ ቢጤ ይዘሽ፣ የምትሰፊ መምሰል። ከእንግዲህ እውነተኛ ደንበኛ አትቀበይ፤ ያ ሁሉ ፌስታል አንጠልጥሎ የሚመጣ ሰው ለቤቱ አይሆንም። ዛሬ ደግሞ አሳሿ ናት የምትመጣው!»

አሳሿ የሚሏት ከከተማ ከተማ እየዞረች ድብቅ መጠጥ ቤት የምታድን፣ ያገኘችውንም የምትጽፍ ሴት ናት። እሷ የወደደችው ቤት ወር ሙሉ ወንበር አይገኝበትም፤ የናቀችው ቤት ማንም ዝር አይልበትም። ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ በአሥር ሰዓት እመጣለሁ ብላለች። ልጁ ከጠዋት ጀምሮ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፍቶታል። የአክስቱን መልስ እንኳ ሳይጠብቅ መስተዋቱን ከፍቶ ወደ ውስጥ ገባ።

ልብስ ሰፊዋ ቁጭ አለች። መምሰል! ይህን ልጅ ትምህርት ቤት የገባ ዕለት የለበሰውን ሱሪ የሰፋች ሴት፣ ዛሬ የዛገ ብረት ፊት ተጎልታ አየር ትስፋ? ደሟ ፈላ። ግን ደግሞ ልጁ ባይደርስላት ኖሮ ይሄም ወንበር አይኖራትም ነበር። ይህን እያሰበች ንዴቷን ዋጥ ልታደርገው ሞከረች፤ አልወርድ አላት።

የአውቶቡስ ሹፌሯ እየሮጠች ስትገባ ያገኘቻት እንዲህ ሆና ነው። ሹፌሯ የቆየች ደንበኛ ናት፤ ጃኬቷን ወገቧ ላይ አስራለች።

«እትዬ፣ ጉድ ሆኛለሁ! የሱሪዬ ዚፕ ከነጥርሱ ተገነጠለ። ተረኛ ነኝ፤ አንድ ሰዓት እንኳ የለኝም። እንዲህ ሆኜ መሪ ልጨብጥ?»

ልብስ ሰፊዋ ጨርቁን በጣቶቿ ዳሰሰችው። ወፍራም የደንብ ልብስ ነው። በእጅ ቢጠቅሙት፣ ሹፌሯ ሁለቴ ፍሬን ሳትረግጥ ይተረተራል። ሹፌሯ በበኩሏ ዓይኗን ጥቁሩ መኪና ላይ ጣለች።

«ይሄ ደግሞ ከየት መጣ? ሲያምር!»

«ያምራል። አይሰፋም እንጂ።»

«ታዲያ ምን ይሠራል?»

ሹፌሯ ይህን ያለችው በክፋት አይደለም። ልብስ ሰፊዋ ግን ስለ መኪናው የተጠየቀች አልመሰላትም። ብድግ አለች። «ከመጋረጃው ጀርባ ሱሪሽን አውልቂና ጠብቂኝ» ብላ ገመዱን ሳበች፤ በስምንት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ መስተዋቱን አልፋ ገባች።

መብራቱ ሁሉ ቦግ ብሏል፤ ቤቱ የወለል ሳሙናና የሎሚ ልጣጭ ይሸታል። ዙሪያውን ቀይ የከፋይ መጋረጃ ተሰቅሏል። ጠርዙ ጠማማ ነው፤ እዚህ ተኮማትሯል፣ እዚያ ተንዘላዝሏል፤ ሰካራም የሰፋው ነው የሚመስለው። እሷ በአንድ ግድግዳ ተለይታ እዚያ ማዶ ተቀምጣ ሳለ ይህን በማን አሰፋው? ኮክቴል ቀማሚው ከባንኮኒው ኋላ ሎሚ መጭመቁን ትቶ ቀና አለ።

«እትዬ! እርስዎም ገቡ በመጨረሻ?»

«መኪናዬ የት ነው?»

ቀማሚው በአገጩ የዕቃ ቤቱን በር አመለከታት። ልጁ ብርጭቆ እያጸዳ ከወዲያኛው ጥግ ብቅ አለ።

«አክስቴ! በዚህ ሰዓት? ውጭ ማን አለ?»

«ደንበኛ።»

«አሁን ምን ብዬሽ ነበር? እኔ እኮ እንዳትደክሚ ብዬ ነው። ቁጭ ብሎ መዋልን ማን ይጠላል?»

«እኔ እጠላለሁ» አለች። «ስማኝ። ባለውለታዬ ነህ፤ አልክድም። በር ክፈቺ ካልከኝ እከፍታለሁ። ግን እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ እንጂ የልብስ ሰፊ አሻንጉሊት አይደለሁም። ለዓይን ከሆነ የፈለግኸኝ፣ ሥዕሌን አሠርተህ ስቀለው!»

«ዛሬን ብቻ፣ አክስቴ! እግርሽ ላይ ልውደቅ፣ ዛሬን ብቻ!»

«ሱሪው የተቀደደው ዛሬ ነው።»

ዕቃ ቤት ገብታ የመኪናዋን ጠረጴዛ በአንድ ወገን አነሣች። ከባድ ነው። ቀማሚው እጁን በፎጣ ጠራረገና በሌላው ወገን ያዘላት። ልጁ «አንተ ደግሞ ምን ሆንክ?» ብሎ ቢጮህበት፣ «ነገ እኔንም መበጥበጫዬን ቀምተህ፣ ቆመህ ምሰል እንዳትለኝ ነው» አለው።

ሱቁ ጥንታዊ ይምሰል ተብሎ ሶኬቱ ሁሉ ተነቅሎ የቀረው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከመስተዋቱ እግር ሥር። ቀማሚው አድርሶላት ወደ ሎሚው ተመለሰ፤ መስተዋቱ ከኋላው ተዘጋ። እሷ ጠረጴዛውን በዳሌዋ ገፋ ገፋ አድርጋ ሶኬቱ ዘንድ ስታስጠጋው ነው ነገሩ የገባት። መስተዋቱ የሚከፈተው ወደ ሱቁ ነው። እንግዲህ ጠረጴዛው ካልተነሣ አይከፈትም። ሌላ መውጫ ደግሞ የለም፤ መግቢያው አንድ ብቻ ሲሆን ምስጢር ይመስላል ብሎ የኋላውን በር ያስደፈነው ልጁ ራሱ ነው። ለአንድ አፍታ ቆመች። በዚህ የተነሣ ነገ ከዚህ ሱቅ ልትወጣ ትችላለች፤ ታውቀዋለች። ፈራች። መኪናዋን ሶኬቱ ላይ ሰካችና ተቀመጠች።

የድሮውን ዚፕ በምላጭ ፈትታ፣ አዲሱን ግማሽ እንዳደረሰች የሱቁ በር ተከፈተ። ረጅም ግራጫ ኮት የለበሰች ሴት ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ገባች፤ ቀዩን አዝራር መኪናው አጠገብ አኖረች። አሳሿ ናት።

«ተራ ያዙ» አለች ልብስ ሰፊዋ ቀና ሳትል።

እንግዶቹ ተያዩና ሳቁ። አንደኛው አጨበጨበ።

«ትናንት የገባነው በማቀዝቀዣ በር ነበር» አለች አሳሿ ለጓደኞቿ። «ደጁ ላይ ሥጋ ሻጭ አቁመዋል፤ ቢላዋ አያያዝ አያውቅም። ከትናንት ወዲያ በመጽሐፍ መደርደሪያ፤ መጻሕፍቱ ባዶ ካርቶን! እቺን ግን እዩዋት። ላቧ እንኳ የእውነት ይመስላል።» ወደ ልብስ ሰፊዋ ጎንበስ አለች። «ስንቴ ተለማመዱት?»

ጭብጨባው ውስጥ ድረስ ተሰምቷል መሰለኝ፣ የልጁ ድምፅ በመስተዋቱ ጠርዝ በኩል ሹክሹክ አለ። «አክስቴ! ወድደውሻል! ይሄውልሽ፣ በየቀኑ እንዲሁ ታደርጊላቸዋለሽ። አሁን ግን ክፈቺ።»

አንጀቷ ያረረው ይሄን ጊዜ ነው። መኪናዋን አስመልሳ፣ በሩን ዘግታ፣ ላቧ ጠብ እስኪል እየሠራችም መምሰል ሆነባት! ምን ብታደርግ ነው የሚያምኗት?

ዚፑን ጨረሰች። ክሩን በጥሳ ሱሪውን በመጋረጃው ላይ ወረወረችላት። ሹፌሯ ለብሳ ወጣች፤ ዚፑን ሁለቴ ወደ ላይ ወደ ታች ሞክራ፣ «እጅዎ ይባረክ፣ እትዬ» ብላ ልትሮጥ ስትል የሚሆነውን ለማየት በሩ ላይ ቆም አለች።

ልብስ ሰፊዋ አሳሿን እጅጌዋን ያዘቻት። ገበሩ ወርዶ ወደ ውጭ ተንጠልጥሏል።

«ይሄን በስፒል የያዝሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ ከሁለት ከተማ በፊት» አለች አሳሿ እየሳቀች።

«አውልቂው።»

ሴትዮዋ ጨዋታው አማራትና ኮቱን አውልቃ ሰጠቻት። ልብስ ሰፊዋ እጅጌውን ገለበጠች፣ ምላጩን አነሣችና ከአንጓው እስከ ክርኑ ድረስ ስፌቱን ሽርር አድርጋ ተረተረችው።

ሳቁ ቀጥ አለ። «ኧረ በፈጠረሽ!» አለች አንደኛዋ ጓደኛ። አሳሿ የተዘረገፈውን እጅጌ አየች፤ ከዚያ የልብስ ሰፊዋን ጣቶች፣ በመርፌ ብዛት የሻከሩትን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ልብ ብላ አየቻቸው።

«የእውነት ልብስ ሰፊ ነዎት?» አለች ቀስ ብላ።

«የእውነት። ይሄ ገበር በቅጡ ይሰፋል። ከፈለግሽ ተቀመጪ፤ ካልፈለግሽ በስፒልሽ ያዥውና ሂጂ። ሥራዬን ሳልጨርስ ግን ይሄ በር አይከፈትም።»

ጓደኞቿ «እንሂድ» እያሉ ጎተቷት። አሳሿ እጃቸውን አስለቀቀች። በስስ ሸሚዟ እንደቀረች ክንዷን አቅፋ፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ከበሩ ላይ ሹፌሯ «እሰይ!» ብላ ወደ አውቶቡሷ ሮጠች።

መስተዋቱ ከውስጥ ተንኳኳ፤ ከዚያ ተደበደበ። «አክስቴ! ምንድን ነው ዝምታው? እንግዶቹስ? ሄዱ እንዴ?»

«አሉ» አለች ክሩን በመርፌው ቀዳዳ እያሾለከች። «ተቀምጠዋል። እኔ ሥራ ላይ ነኝ።»