ሰባተኛው ፌርማታ

ጋሽ ሰዓት ሦስተኛው ፌርማታ ላይ ሲደርሱ ቀጥ ብለው ቆሙ። ከኋላቸው የምትመጣ ደልደል ያለች ሴትዮ ጀርባቸው ላይ ተለጠፈች።

"ምነው አባባ፣ ምን ነካዎት?" አለቻቸው አፍንጫዋን እያሸች።

"ይቅርታ የኔ ልጅ። ልማድ ሆኖብኝ ነው።"

"ሰው እያወረደ ነው" አለች ልጃቸው ከጎናቸው ሆና። "የሃያ ሰባት ዓመት የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ትንሽ ታገሺው፣ በሩን ዘግቶ ይነሳል።"

ሴትዮዋ ሳቀችና አልፋቸው ሄደች። ጋሽ ሰዓትም ግራ ቀኝ አይተው ተነሱ።

የዚያን ቀን ጠዋት አምስት መቶ የሚሆን ሰው፣ ደረቱ ላይ ቁጥር ለጥፎ፣ ለሆስፒታሉ የኩላሊት እጥበት ክፍል አንድ ተጨማሪ ማሽን ለመግዛት በእግሩ ይጓዛል። እያንዳንዱ ተጓዥ፣ ለሚሄዳት ለእያንዳንዷ ኪሎ ሜትር የሚከፍሉለት ሰዎች አሉት። ለጋሽ ሰዓት ቃል የገቡት የአውቶቡስ ዴፖው ሹፌሮች ናቸው፤ ያውም እየሳቁ። "አንተ እኮ ከመሪ ጋር ነው የተወለድከው፤ እግር እንዳለህ ማን አየ?" ብለዋቸው ነበር። ጋሽ ሰዓት የሚለውን ስም ያወጡላቸውም እነሱው ናቸው፤ አንድ ቀን እንኳ አርፍደው ስለማያውቁ።

መንገዱ ደግሞ እንዳጋጣሚ የራሳቸው የድሮ መስመር ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ አሥራ ሁለት ፌርማታ።

ወደዚህ ነገር ያስገባቻቸው ሲስተር ናት። ባለቤታቸውን ሁለት ዓመት ሙሉ ያስታመመች፣ የእጥበት ክፍሉ ኃላፊ። ስትደውልላቸው፣ "እኔ ዕድሜዬን ተቀምጬ የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ ምኑን ሄድኩት?" አሏት።

"ጋሼ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።"

"እንቁላል ጉልበቱን አያመውማ።"

"እንግዲያው ዛሬ አንድ ፌርማታ ሄደው ይመለሱ። ሰውነትዎ ሲለምድ ሁለት ያድርጉት። ውሃ ይያዙ፤ አይሩጡ፤ ከማንም ጋር አይፎካከሩ።"

እንዳለቻቸው አደረጉ። በመጀመሪያው ቀን አንዲቷን ፌርማታ ደርሰው፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው እንደተበሳ ጎማ ሲተነፍሱ ቆዩ። በሦስተኛው ሳምንት አራት፣ ወር ሲሞላቸው ስድስት ፌርማታ ደረሱ። ከዚያ በኋላ ግን አልጨመሩም። በየማለዳው ስድስተኛዋን ነክተው ይመለሳሉ። ልጃቸው ለምን ብትላቸው ጉልበቴን አሉ።

ጉልበታቸው ምንም አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከስምንት ወር በፊት ባለቤታቸው ያረፉ ዕለት፣ ጋሽ ሰዓት ሥራ ላይ ነበሩ። ልጃቸው እናቴ ጠንቶባታል ብላ ከሆስፒታል ደወለች። "መስመሬን ጨርሼ እመጣለሁ" አሏት። ሲደርሱ ባለቤታቸው አርፈው ነበር። ልቅሶ ቤት አንዱ ዘመድ፣ "እሱ ምን ያድርግ፣ የመስመሩ ጫፍ ላይ ነበር እኮ" አለ። ሌላውም ተቀበለው። ጋሽ ሰዓት አንገታቸውን እንደደፉ ዝም አሉ፤ ዝም ባሉ ቁጥር ወሬው እውነት ሆነ። ልጃቸውም አመነችው። ከዚያ ወዲህ ጠዋትና ማታ ትደውልላቸዋለች፤ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ስትወጣ ጎራ ብላ ሸሚዛቸውን ታጥባለች፣ ምግባቸውን ታያለች። ከእሷ ሌላ በዚህ ዓለም ማንም የላቸውም።

ስድስተኛዋን ፌርማታ አለፉ። የጋሽ ሰዓት እርምጃ እያጠረ መጣ።

ሰባተኛው ፌርማታ ከአንድ መድኃኒት ቤት አጠገብ ነው። ከመድኃኒት ቤቱ ጎን አንድ ጠባብ ዳገት ይታጠፋል፤ በዳገቱ ጫፍ ከጣሪያዎቹ በላይ የሆስፒታሉ የውሃ ታንከር ይታያል። ጋሽ ሰዓት ቆሙ። በዚህኛው ግን ግራ ቀኝ አላዩም።

"ደከመህ እንዴ? ና ቁጭ እንበል።"

አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ልጅቷ የውሃውን ክዳን ከፍታ ሰጠቻቸው።

"አባዬ፣ ዛሬ ነው የገባኝ" አለች፣ የሚያልፈውን ሰው እያየች። "በመኪና ስሄድ መንገዱ አጭር ነበር የሚመስለኝ። ያን ቀን ከዚያ ጫፍ እስክትመጣ እንዴት ሆነህ ይሆን? እኔ ደግሞ ገና በሩ ላይ ሳይህ ለምን ዘገየህ ብዬ ጮህኩብህ። ይቅር በለኝ።"

ጋሽ ሰዓት ውሃውን አልጠጡትም። ዝምታው ስምንት ወር አገልግሏቸዋል፤ አንድ ቀን ቢጨምሩበት የሚጠይቃቸው አልነበረም። ደግሞስ፣ ልጅ ይቅርታ ስትጠይቅ እሺ ማለት ምን ይከብዳል? እሺ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ።

"ጫፍ ላይ አልነበርኩም" አሉ።

"እ?"

"ስትደውዪልኝ እዚህ ነበርኩ። እዚችው ፌርማታ ላይ። ሰው እየወረደ ነበር።"

ልጅቷ መድኃኒት ቤቱን አየች፤ ዳገቱን አየች፤ ታንከሩን አየች።

"ሆስፒታሉ እኮ ይኸው ነው።"

"አዎ።"

"ከዚህ በኋላ አምስት ፌርማታ ነዳህ?"

"ነዳሁ። ትኬት ቆራጯ ፊትዎ ምን ሆነ አለችኝ። ምንም አልኳት።"

"ለምን?"

"ሰው ጭኜ እንዴት ጥዬ ልሂድ፣ ለራሴም ስለው የኖርኩት ይሄን ነው። ውሸት ነው። ብነግራቸው ኖሮ፣ ሂድ እንጂ ብለው ወርደው በእግራቸው ይሄዱልኝ ነበር።" ጋሽ ሰዓት መዳፋቸውን አዩ። "ፈርቼ ነው ልጄ። መሪውን እስከያዝኩ ድረስ እናትሽ አለች። ወርጄ ያንን ዳገት ከወጣሁ ግን..."

ልጅቷ ተነስታ ጀርባዋን ሰጠቻቸው፤ አስፋልቱ ዳር ቆመች። ፊሽካ ያንጠለጠለ አስተባባሪ በአጠገባቸው ሲያልፍ፣ "አይዟችሁ፣ ግማሹን አልፋችኋል" አላቸው።

"ለሰው ሁሉ ስናገርልህ ዝም አልክ" አለች ሳትዞር። "ያንን ሁሉ ጊዜ ስንከባከብህ ዝም አልክ።"

"ዝም አልኩ።"

ጉልበታቸውን ደግፈው ተነሱና ፊታቸውን ወደ ጠባቡ ዳገት አዞሩ።

"ወዴት ነው? መጨረሻው በዚህ ነው እኮ።"

"አውቃለሁ። የቀረችውን ኪሎ ሜትር ገንዘብ እኔው ለማሽኑ እከፍላለሁ። አንቺ ጨርሺ፤ እኔ በዚህ ልሂድ። በእግሬ ወጥቼው አላውቅም።"

"ስንት ደቂቃ ይፈጃል?"

"አራት ይሆናል። ቢበዛ አምስት።"

ሰው በግራም በቀኝም እያለፋት ነበር። ልጅቷ ስልኳን ከኪሷ አውጥታ የሰዓት መቁጠሪያውን ከፈተች፤ አይኗ ቀልቷል።

"አብሬህ አልሄድም" አለች። "ከኋላህ ግን እመጣለሁ። ስንት ደቂቃ እንደነበር በትክክል ማወቅ እፈልጋለሁ። ሂድ።"

ጋሽ ሰዓት ሄዱ።