በጊዮርጊስ ዕለት የወጣ ማጭድ

ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሯል፤ የአሰጋሽ ጤፍ ግን ደርሶ ሳይታጨድ ቆሟል። ዕለቱ ኅዳር ሃያ ሦስት፣ ጊዮርጊስ ነው፤ በቢቸና ዙሪያ ማንም በራሱ ማሳ ማጭድ አያነሳም።

የግብርና ባለሙያው ደመላሽ ከሞተር ብስክሌቱ ሳይወርድ ጮኸ። «እትዬ አሰጋሽ፣ ጤፉን ዝናብ ሊያረግፍብዎት ነው! ጊዮርጊስ እኮ የእንግሊዞችም ጠባቂ ነው። እነሱ በዓመት አንድ ቀን ያስቡታል፤ ያን ቀንም ሥራ ይውላሉ። እናንተ በየወሩ!»

የአሰጋሽ ደም ፈላ። «ለነሱ በዓመት አንዴ ይበቃቸው ይሆናል። እኔ ግን ሳልጠራው አንድ ወር ሞልቶ አያውቅም!»

ይህን ብላ ከቤቷ ክዳን የተሰካውን ማጭድ መዘዘች። ደመላሽ ያሸነፈ መስሎት ፈገግ አለ። እሷ ግን የራሷን ጤፍ አልፋ፣ እግሩ ተሰብሮ ቤት ወደዋለው ወደ ጎረቤቷ ወደ አያ ቢያዝን ማሳ ገባች። ከቅዳሴ የተመለሱት የመንደሩ ሰዎችም እዚያው ጎንበስ ብለው ያጭዳሉ። በበዓል ለደካማ ማጨድ ጽድቅ እንጂ ሥራ አይባልም።

የመጀመሪያው ጠብታ ግንባሯ ላይ አረፈ።

«የእርስዎስ ጤፍ?» አለ ደመላሽ።

«የኔን የሚጠብቅ አለ» አለችው ቀና ሳትል። «አንተ ከዚያ ሞተር ውረድና ነዶ ተሸከም!»