የጓንቴ ማይክሮፎን

እኔ አስተርጓሚ ነኝ። ሥራዬ የሌላ ሰው አፍ ሆኜ «እኔ» ማለት ነው። ተናጋሪው «እኔ ሌባ አልወድም» ካለ፣ ከአዳራሹ ጀርባ ካለችው የመስታወት ክፍል ሆኜ በባዕድ ቋንቋ «እኔ ሌባ አልወድም» እላለሁ። «እሳቸው እንዲህ አሉ» ማለት በእኛ ሙያ ነውር ነው። ስለዚህ በዚያ ቀን ጓንቴን ሆኜ መናገሬ ግዴታዬ ነበር። ደስታው ግን የራሴ ነው፤ ለማንም አላካፍልም።

ጓንቴ ብለን ስም ያወጣንለት እኛ ቤት ነው። ሰውዬው በገዛ እጁ ምንም አይነካማ! የከተማው የመሬት ኃላፊ በነበረ ጊዜ የአባቴን ጋራዥ አይቶ ወደደው። ራሱ አልመጣም፤ የእህቱን ልጅ ልኮ «ድርሻ ስጠን» አስባለ። አባዬ «ድርሻ የፈለገ ቱታ ለብሶ መኪና ስር ይግባ» ብሎ መለሰው። ብዙም ሳይቆይ ጋራዡ በቆርቆሮ ታጠረ፤ ለልማት ነው ተባለ። ልማቱ ዛሬ ፎቅ ሆኖ በጓንቴ ሚስት ወንድም ስም ይከራያል።

አባዬ በየቢሮው ተንከራቶ ተንከራቶ በመጨረሻ ቤት ተቀመጠ። ከጋራዡ የተረፈችው አንዲት የመኪና ወንበር ናት። በረንዳችን ላይ እሷ ላይ ተቀምጦ የሚያልፈውን ሞተር ያዳምጣል። «ይቺ ቀበቶዋ ላልቷል» ይላል፤ ማንም ግን ቆሞ አይጠይቀውም። ያንን ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ቂሜን እንደ ልጅ አዝዬ ነው ያሳደግኩት።

ከዚያ ጓንቴ ተሾመ። በምን ላይ? በፀረ ሙስና ሕጉ ማሻሻያ ላይ! ሲነግሩኝ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ፤ ያቆምኩት ሳቁ ወደ ለቅሶ ሲዞርብኝ ነው። የውጭ መንግሥታት ማሻሻያውን ሊደግፉ፣ መርማሪ ሊያሠለጥኑ፣ ባለሙያ ሊልኩ ተስማምተው ነበር። ለሕዝብ በቀረበው ረቂቅ ውስጥ አንዲት አንቀጽ ነበረች፤ በሥልጣን የተነጠቀ ንብረት የቱንም ያህል ዓመት ቢያልፈው ለባለቤቱ ይመለሳል የምትል። ለአባዬ ሳነብለት «እስቲ ድገሚው፣ እስቲ ድገሚው» እያለ ድምፄን ዘጋው። ለመፈራረሚያው ስብሰባ የተዘጋጀው ረቂቅ ሲደርሰኝ ግን አንቀጿ የውሃ ሽታ ሆናለች።

ስብሰባው የተደረገው እንግዶቹ በተከራዩት አዳራሽ ነው፤ ጓንቴን የጣለውም ይኸው ነው። በራሱ መሥሪያ ቤት ማይክሮፎኑን የሚያበራለትም የሚያጠፋለትም ሰው አለው። እዚህ ግን ሁሉም የራሱን ይጫናል፤ ሲበራ ቀይ መብራት ይታያል። ለጓንቴ አስተናጋጇ አበራችለትና ሄደች። የእኛ ደንብ ደግሞ አያሻማም፤ በማይክሮፎን የመጣ ሁሉ ይተረጎማል።

ጓንቴ ዓይኑን በጨው ታጥቦ ስለ ንጹሕ እጅ አወራ። እኔም ስለ ንጹሕ እጅ አወራሁ። ሲጨርስ የጆሮ ማዳመጫውን አጠለቀ፤ ማይክሮፎኑን ግን አልነካም። ቀዩ መብራት እንደበራ ነው።

የልዑካኑ መሪ፣ ጸጉራቸው የሸበተ ሴትዮ፣ ጠየቁ። ጓንቴ ጆሮ የገባው የእኔ ድምፅ ነው።

«ንብረት የሚያስመልሰው አንቀጽ የት ሄደ?»

ጓንቴ ማዳመጫውን አውልቆ አጠገቡ ወደተቀመጠው የሕግ አማካሪ ዞረ። ድምፁን እንኳ አልቀነሰም፤ በእኛ ቋንቋ ስለሆነ እነሱ ምን ይሰማሉ ብሎ ነው።

«እኔ በቁሜማ እሷ አንቀጽ አትገባም! የዚያን መካኒክ ቦታ በሚስቴ ወንድም ስም ያዞርኩት ለዚች ሴትዮ ብዬ ነው እንዴ? የሕትመት ስህተት ነው እላታለሁ፣ አለቀ።»

ጠረጴዛችን ላይ የሳል ቁልፍ አለች፤ አስተርጓሚ ሳል ሲይዘው ድምፁን የሚያጠፋባት። አብረውኝ የሚሠሩት ጋሼ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ ጣታቸውን ወደሷ ላኩ። ዓይናቸው «ልጄ፣ ሥራሽን ታጪያለሽ» ይላል። እጃቸውን ያዝኩት።

ከዚያ ተረጎምኩ። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። የመካኒኩን ቦታ፣ የሚስቴን ወንድም፣ የማዞሬን ነገር፣ ሁሉንም በ«እኔ» አልኩት። «እኔ» ባልኩ ቁጥር አፌ ሬት ሬት አለኝ፤ አንጀቴ ግን ቅቤ ጠጣ!

ጓንቴ ምንም ሳይጠረጥር ወደ እንግዶቹ ዞሮ ፈገግ አለና «ክብርት ሆይ፣ የሕትመት ስህተት ነው» አለ። ይህንንም ተረጎምኩ፤ ደሞዝ የሚከፈለኝ ለዚሁ አይደል?

ሴትዮዋ ብዕራቸውን ከደኑ። ጓንቴ መልሱን ሊሰማ ማዳመጫውን አጠለቀ።

«የመጀመሪያ መልስዎንም ሰምቻለሁ» አልኩት በጆሮው፣ እሳቸውን ሆኜ። «መካኒኩ ማን ነው?»

ክው አለ። ያን ጊዜ ነው ቀዩን መብራት ያየው። ሊያጠፋው ሲደናበር ቁልፉ የት እንዳለ እንኳ አያውቅም፤ ብርጭቆ ደፋ፣ ወረቀት በተነ፣ መብራቱ ግን አልጠፋም።

ስብሰባው ሲበተን በቀጥታ ወደኛ መጣና በሩን በረገደው።

«እሱን ተርጉሚ ያለሽ ማን ነው?»

«ቀዩ መብራት።»

«የማን ልጅ ነሽ አንቺ?»

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነው የኖርኩት።

«የመካኒኩ። አንተ የምታውቀው» አልኩት። እርስዎ ማለቱ ለሥራ ሰዓት ነበር።

እንግዶቹ አንቀጿ ሳትመለስና ነገሩ ሳይጣራ አንፈርምም አሉ። ጓንቴ ከሹመቱ ወርዶ መርማሪ ፊት መመላለስ ጀመረ። እኔንም ለመንግሥት ስብሰባ የሚጠራኝ ጠፋ፤ ጥርሴን ነክሼ ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ። አንቀጿ ተመልሳ የጸደቀች ዕለት አባዬን ላበስር ወደ በረንዳው ሮጥኩ። እሱ ግን ስለ አንቀጿ አልጠየቀኝም። የመኪና ወንበሩ ላይ ቀና ብሎ «እስቲ ጓንቴ ያን ቀን እንዳለው አድርገሽ በይልኝ» አለ።

ጓንቴን ሆኜ፣ በገዛ ቋንቋችን፣ ከነትዕቢቱ አልኩለት። ዓይኑን ጨፍኖ ሞተር እንደሚያዳምጥ አዳመጠኝ።

«ይቅርታስ አላለም?»

አንዲት ቃል ብጨምርለት ማን ያውቅብኛል? ግን አልጨመርኩም።

«አላለም» አልኩት።

አባዬ ከት ብሎ ሳቀ። ጋራዡ ከታጠረ ወዲህ እንዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም።

«እንኳንም አላለ!» አለኝ። «ቢል ኖሮ እናንተ ይቅር በለው እያላችሁ ትጨቀጭቁኝ ነበር።»