የፈታሹ እጅ

በልብስ ስፌት ፋብሪካው የወንዶች መውጫ በር ላይ የሚፈትሸውን ሰውዬ ሠራተኞቹ «ኤክስሬይ» ይሉታል። እውነታቸውን ነው፤ እጁ ከብብት ተነስቶ በጎን ወርዶ ኪስ ጋ ሲደርስ ዚፕም ሆነ የክር ጥቅል አያመልጠውም። ዓይኑ መንገዱ ላይ፣ ወሬው ከጓደኛው ጋር፣ እጁ ግን ሥራው ላይ ነው። ጎረቤቱ ነርሷ «አንጎል እኮ እንደዚህ ነው፤ ደጋግመህ ያሠራኸውን አንድ ቀን ሳያስፈቅድህ ራሱ ይሠራዋል» ስትለው በኩራት ሳቀ። እንዲያውም አንዴ አማቹን አቅፎ ሲስም ኪሱን ዳበሰውና ቤተሰቡ በሳቅ ፍርስ አለ።

ሳቁ ያበቃው የመጨረሻ ልጁ በስርቆት የታሰረ ጊዜ ነው። የፈታሽ ልጅ ሌባ! ሰውዬው አንገቱን ደፋ። እናትየው ስንቅ ይዛ ስትመላለስ እሱ አንዴ ወገቤን፣ አንዴ ተረኛ ነኝ እያለ እስር ቤቱን ሳይረግጥ ቀረ። በልጁ አፍሮ ነበር፤ ልጁም ይህ ገብቶታል። «አባዬ የማይፈልገኝ ከሆነ ሌላ ከተማ እሄዳለሁ» ብሎ በእናቱ ላከበት።

በሚፈታበት ቀን ጠዋት ሚስቱ አስጠነቀቀችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ምላስህን ሰብስብ። ስለ ድሮው አንዲት ቃል ተናግረህ ልጄ ከዚህ ቤት ከወጣ፣ ወዮልህ!»

«ምን ነካሽ፣ ልጄ አይደለም እንዴ? አቅፌ ነው የምቀበለው» አለ። ከልቡ ነበር። ምላሱንማ ሰበሰበ፤ ስለ እጁ ያሰበ ሰው አልነበረም።

ልጁ ልብሱን በፌስታል ይዞ ደጃፉ ላይ ሲቆም ሰውዬው ያዘጋጀው ንግግር ሁሉ ጠፋበት። ልጁ ከስቷል። «መጣህልኝ!» ብሎ ጥምጥም አለበት። ልጁም አገጩን አባቱ ትከሻ ላይ ጣለ። ሰውዬው ዕንባው ሲመጣበት ዓይኑን ጨፈነ። ያኔ እጁ ከልጁ ብብት ተነስቶ በጎኑ ወረደ፣ ወገቡን ዞረ፣ ኪሱን ጨበጥ ጨበጥ አደረገ።

ልጁ አልተቆጣም። ፌስታሉን መሬት ላይ አስቀመጠ፤ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ፣ እግሩን ከፈተ፣ ዓይኑን ግድግዳው ላይ ተከለ። እስር ቤትም ያስለምዳል።

«ልዙር?» አለ በቀስታ።

እናትየው አፏን ያዘች። ሰውዬው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። እጁን ከኋላው ደበቀ። ይቅር በለኝ ልጄ፣ እኔ አይደለሁም፣ እጄ ነው ሊል አፉን ከፈተ። ያ የማይረባ አፉ ግን ፈትሾ ሲጨርስ ሁልጊዜ ለሠራተኞቹ የሚለውን አወጣ።

«እለፍ።»

ልጁ እጁን አወረደ። ፌስታሉን አንስቶ «እሺ» አለና በመጣበት ወጣ። እናትየው ጫማ እንኳን ሳታደርግ ስሙን እየጠራች ተከትላው ሮጠች። ሰውዬው ከደጃፉ ንቅንቅ አላለም፤ በምን ዓይኑ ይከተለው?