የመስታወት መተንፈሻ

«በካርቶን? በመስታወት ገጣሚ ቤት ካርቶን?»

ልጅቷ ካርቶኑን ከአክስቷ እጅ ነጥቃ ከጀርባዋ ሸሸገችው።

«ታዲያ ብርድ ይፍጀን? ነገ ሦስተኛው ቀን ነው፤ ሰው ይመጣል» አለች አክስቷ።

ለቀስተኞች አግዳሚ ወንበር ሲያስጠጉ የሳሎኑን መስኮት የታችኛውን መስታወት ሰብረውት ነበር። አባቷ ያንን መስኮት የገጠመው እሷ በተወለደችበት ዓመት ነው። ከቀበሩት ገና ሁለት ቀኑ።

«እኔ እገጥመዋለሁ።»

«በሐዘን ቀን?»

«የሞተው እሱ ነው፣ እትዬ። እጄ አልሞተም።»

አክስቷ ጎንበስ ብላ ስባሪውን ለቀመች። የዚች ልጅ ምላስ ከመስታወት መቁረጫው አልማዝ እንደሚብስ ሟቹ ወንድሟ ራሱ ይናገር ነበር።

ሰፈሩ «ጉብታ» የሚለው ጎረቤት ግንባሩን እየዳበሰ ለአጠገቡ ሰው ሹክ አለ። «እሱ የገጠመው መስታወት መኖሩን የምታውቀው ሲመታህ ነው። ክፍት በር መስሎኝ ዘው ስል፣ ይኸው እስከ ዛሬ መጠሪያዬ ሆኖ ቀረ።» የሰሙት ሳቁ፤ ወዲያው መሳቃቸው አሳፈራቸውና አንገታቸውን ደፉ።

እሷ አልሳቀችም። ነገ ጠዋት ሐውልት ሠሪው መጥቶ ድንጋዩ ላይ ምን እንደሚቀርጽ ይጠይቃል። አባቷ ደግሞ ሊሞት ሰሞን፣ «ስሜን አትጻፉ። ‹ክብር ለእግዚአብሔር› ይበቃል» ብሎ ለእህቱ ተናዟል። ኑዛዜውን ትፈጽም ዘንድ የቀረች አንድ ልጁ እሷ ናት። ስም በሌለው መቃብር ላይ ማንን ብላ ታልቅስ?

የጸሎት አዳራሹ ሰባኪ ለማጽናናት ሲገቡ አረፍ እስኪሉ እንኳ አልጠበቀችም።

«የእግዚአብሔር ክብር ሙሉ ነው አላሉም?»

«ነው፣ ልጄ።»

«ሙሉ ከሆነ ከአባቴ ስም ምን ቀንሶ ይጨምርበታል?»

«ኧረ አፍሽን ያዢ!» አለች አክስቷ።

ሰባኪው አልተቆጡም። «አይጨመርበትም። ክብሩ እሱ ራሱ ሲገለጥ ነው። አከበርነው ስንል ያለውን አየን ማለታችን እንጂ የጎደለውን ሞላን ማለታችን አይደለም። ሙሴ ክብርህን አሳየኝ ቢለው ቸርነቱን አሳለፈለት፤ ፊቱን ግን አላሳየውም። በመስቀል ላይ ሲዋረድም ከበረ ነው የምንለው።»

«ተዋረደ፣ ከበረ! ታየ፣ አልታየ! ግራ አጋቡኝ።»

«እኔም ግራ እንደተጋባሁ ነው የማስተምረው» አሉ ሰባኪው፤ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

የጸሎት አዳራሹ የተመረቀ ዕለት ትዝ አላት። የጠዋት ፀሐይ በአባቷ መስታወቶች ገብታ ወለሉን ብርሃን ስታለብሰው ሰው አጨበጨበ። ስሙ ሲጠራ አባቷ ምሰሶ ጀርባ ተሸሸገ። «አባዬ፣ ውጣ እንጂ!» ብትለው፣ «የሚጨበጨበው ለፀሐይዋ ነው» አላት። በዓመቱ አንዱ መስታወት ተሰነጠቀ። ያን ጊዜ ማንም ሳይጠራው ሕዝቡ ፊት ወጥቶ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቦታ አልተውኩለትም» አለ።

ከንዴቷ ብዛት እስከ ቤት ድረስ ስትነዘንዘው ሄደች። «ጭብጨባው የፀሐይዋ፣ ስንጥቁ ያንተ? ይሄ ምን ዓይነት ክፍፍል ነው?»

«መስታወት ልክ ልኩን ከተቆረጠ፣ ፀሐይ ስታሞቀው ሰፍቶ መሄጃ ያጣል» አላት። «በየጎኑ ሁለት ሚሊ ትተይለታለሽ። መተንፈሻው ነች።»

የጠየቀችው ሌላ፣ የመለሰላት ሌላ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት እጅጌዋን ሰብስባ መስታወቱን ከመስኮቱ ጋር የሚያጣብቀውን አሮጌ ስቱኮ መፋቅ ጀመረች። ታችኛው የቀኝ ጥግ ስትደርስ መፋቂያዋ ቆመ። ስቱኮው ላይ የአውራ ጣት አሻራ ነበር፤ ጠልቆ፣ መስመር በመስመር። ወደ መኝታ ቤቱ መስኮት ሄደች፤ እዚያም በዚያው ጥግ። ወደ ማድ ቤቱ ሄደች፤ እዚያም።

«እትዬ፣ ይሄን ታውቂዋለሽ?»

አክስቷ ቀረብ ብላ አየች። «ሲጨርስ ጣቱን ጫን ያደርግና ‹ይኸው› ይል ነበር።»

«ለማን ነው ይኸው የሚለው?»

«እንጃ። ለእኛ ሲል ግን አይቼው አላውቅም።»

ልጅቷ አሻራው ያለበትን ቁራጭ እንዳይሰበር በቀስታ አነሳችው። ስሙን የደበቀ ሰው ጣቱን ለምን ተወ? ኩራት ነው ወይስ ጸሎት? ቢቸግራት ወደ ሥራዋ ዞረች። መስታወቱን ልክ ልኩን ቆረጠችው፤ ልታስገባው ስትገፋው ቀጭ ብሎ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰነጠቀ። ራሷን ረገመች። ሌላ ቆረጠች፤ በየጎኑ ሁለት ሚሊ ተወችለት። ሰተት ብሎ ገባ።

ስቱኮውን ዙሪያውን ስታለስል ሐውልት ሠሪው እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ በሩ ላይ ቆመ።

«እህቴ፣ ምን ልጻፍ?»



«እሱ እንዳለው። ሁለቱን ቃል» አለች ልጅቷ። «ከታች ግን ትንሽ ቦታ ተውልኝ።»

«ለስሙ?»

«እንጃ። ባዶውን ተወው።»

ጀርባዋን ሰጠችው። በግራ መዳፏ የአባቷን ቁራጭ እንደጨበጠች፣ የቀኝ አውራ ጣቷን ገና ባልደረቀው ስቱኮ ጥግ ላይ ጫን አደረገች።

«ይኸው» አለች ቀስ ብላ። ለማን እንዳለችው ግራ ገብቷት፣ ጣቷን ሳታነሳ ቆየች።