የእማማ ፉንግ ዜሮ

ኪት-ዪንግ ሆንግ ኮንግ ውስጥ አዛውንቶችን የምትረዳ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት። አንድ ሰው ሳይወድቅ ለመንቀሳቀስ በራሱ ምን ያህል እንደሚተማመን የሚለካ መጠይቅ ከእንግሊዝኛ የከተማው ሰው ወደሚናገረው ካንቶንኛ ተርጉማ፣ በየቤቱ እየዞረች ትሞክረው ነበር። መልሱ ከዜሮ እስከ መቶ ነው፤ ዜሮ ማለት በራስ ጭራሽ አለመተማመን ነው። እዚያ አገር በረዶ አይታወቅምና፣ "በረዶ የያዘ መንገድ" የሚለውን "እርጥብ የዓሣ ገበያ ወለል" ብላ ቀይራዋለች።

"ደረጃ መውጣትስ?" ስትል አንድ ረጅም ሕንፃ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩትን እማማ ፉንግን ጠየቀቻቸው።

"ዜሮ በይው ልጄ። ገና ሳየው ጉልበቴ ይከዳኛል።"

መጠይቁ የሚታመን መሆኑን ለማረጋገጥ፣ ከሳምንት በኋላ መልሳቸው ተለውጦ እንደሆነ ለማየት ስትመለስ፣ የሕንፃው ሊፍት ተበላሽቷል። በደረጃው ስትወጣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ እማማ ፉንግን አገኘቻቸው። ባንድ እጃቸው መደገፊያውን ጨብጠው፣ በሌላው ትኩስ የሩዝ ገንፎ የያዘ ዕቃ አንጠልጥለዋል። የአልጋ ቁራኛ የሆኑት ባለቤታቸው አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ናቸው።

"እማማ፣ ዜሮ ብለውኝ አልነበር?"

"አሁንም ዜሮ ነው። እግሬን ባነሳሁ ቁጥር ወደቅኩ እላለሁ።"

"ታዲያ ለምን ይወጣሉ?"

"ሽማግሌው አልበላማ።"

ኪት-ዪንግ ገንፎውን ተቀበለቻቸውና ከኋላቸው ቀስ ብላ ወጣች። የሚንቀጠቀጡት እግሮች አንዱን ደረጃ አልፈው ሌላውን ሲረግጡ አየች። መልሳቸው አልተለወጠም፤ መጠይቁ በትክክል ለክቷል። እሷ ግን ፍርሃት ይህን ያህል ደረጃ ሲወጣ አይታ አታውቅም ነበር።